«እኔ እኮ አልጠጣም» ማለት ይበቃል? ስለ ውስኪና ሼሪ የእራት ግብዣዎች



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምናነሳው ርዕስ ለብዙዎቻችን የሩቅ ነገር ሊመስል ይችላል። ወፍራም የጥሪ ካርድ፣ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል፣ «የውስኪና የሼሪ ልዩ እራት» የሚል ጽሑፍ። «ይህ የባለጠጎች ጨዋታ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ጥሪው የሚደርሰው ለባለጠጋ ብቻ አይደለም። በባንክ ለሚሠራው ወንድማችን፣ በአስመጪና ላኪ ድርጅት ውስጥ ላለችው እህታችን፣ በለንደን ወይም በዋሽንግተን ተቀጥሮ አለቃው «ዛሬ ማታ ከደንበኞቻችን ጋር እራት አለን» ለሚለው ልጃችንም ይደርሳል። ሲደርስም የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ «እኔ እኮ አልጠጣም። ሄጄ ምግቡን በልቼ፣ ሰው ተዋውቄ ብመለስ ምን አለበት?»

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ከጀርባው እንጀራ አለ፤ የደረጃ እድገት አለ፤ ለወራት የተደከመበት ውል አለ። ስለዚህ «ሐራም ነው፣ አለቀ» ብለን በአንድ መስመር ልንዘጋው አንፈልግም። ፈትዋ መስጠትም የእኛ ቦታ አይደለም፤ የዑለማዎቻችን ነው። እኛ የምናቀርበው አስተያየት ነው። አስተያየታችንም ይህ ነው፦ ይህ ዓይነቱ እራት እንደ ማንኛውም የሥራ እራት የሚታይ አይደለም፤ ሙስሊም ሊቀርበት ይገባል። ነገር ግን «አልመጣም» ማለት የመልሱ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የተሻለ ማዕድ ማቅረብ ነው።

▪ እራቱ በትክክል ምንድን ነው?

ከመፍረድ በፊት ነገሩን ማወቅ ይቀድማል።

ውስኪ ከእህል፣ በተለይም ከገብስ ብቅል ተጠምቆ እንደ አረቄ የሚወጣ መጠጥ ነው። የስኮትላንዱ በሕግ ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ መቆየት አለበት፤ የአልኮል መጠኑም ከ40 በመቶ በታች መሆን አይችልም። ሼሪ ደግሞ በደቡብ ስፔን፣ ሄሬዝ በምትባል ከተማና በአካባቢዋ ከነጭ ወይን ፍሬ የሚሠራ ወይን ጠጅ ነው። የተነጠረ አልኮል ስለሚጨመርበት ከተራው ወይን ጠጅ ይበረታል፤ ከ15 እስከ 22 በመቶ ይደርሳል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በርሜሉ ነው። ሼሪ የነበረበት በርሜል ወደ ስኮትላንድ ሄዶ ውስኪ ይሞላበታል፤ ውስኪውም ከእንጨቱ ጥቁር ቀይ መልክና የዘቢብ ጣዕም ይወስዳል።

እራቱ የሚዘጋጀው በዚህ ዝምድና ዙሪያ ነው። ምግቡ በአራት ወይም በአምስት ዙር ይቀርባል። ከእያንዳንዱ ዙር ጋር አንድ ብርጭቆ ይመጣል። የመጠጡ ድርጅት የላከው ተናጋሪ ቆሞ ስለ በርሜሉ፣ ስለ ዓመቱ፣ ስለ ሽታው ያስተምራል። እንግዶች መጀመሪያ እንዲያሸቱ፣ ከዚያ ጠብታ ውሃ እንዲጨምሩ፣ ከዚያ እንዲቀምሱና የተሰማቸውን እንዲናገሩ ይጋበዛሉ። አንዱ «ዘቢብ ሸተተኝ» ይላል፤ ሌላው «የብርቱካን ልጣጭ» ይላል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። በተራ የሥራ እራት ላይ ሰው የሚሰበሰበው ለጉዳይ ነው፤ መጠጡ በጎን ይቀርባል። በዚህ እራት ግን የክብር እንግዳው መጠጡ ራሱ ነው። ንግግሩ ስለ እሱ ነው፤ ምግቡ ለእሱ አጃቢ ሆኖ ተመርጧል፤ ብርጭቆው የተሠራው የእሱን ሽታ ለመሰብሰብ ነው። ጥሪውን ተቀብሎ የሄደ ሰው ኸምር በአጋጣሚ የተገኘበት ቦታ አልሄደም። ለኸምር ክብር ወደተዘጋጀ ድግስ ነው የሄደው።

▪ «ምግቡን ብቻ እበላለሁ»

ይህ ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ ነው። እስኪ ምግቡን እንየው።

ፊኖ ከሚባለው ቀለል ያለ ሼሪ ጋር የተለመደው አጃቢ የወይራ ፍሬ፣ አልሞንድ፣ ዓሣ፣ ከሁሉም በላይ ግን ሀሞን የሚባለው የስፔን የደረቀ የአሳማ ጭን ነው። ኦሎሮሶ ከሚባለው ጠቆር ያለ ሼሪ ጋር ሥጋ ይመጣል፤ የማን እርድ እንደሆነ የሚነግርህ የለም። ፔድሮ ሂሜኔዝ የሚባለው እጅግ ጣፋጩ ሼሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቸኮሌት ጋር ይቀርባል ወይም አይስክሬም ላይ ይፈስሳል። ስጎው ውስጥ መጠጡን መጨመርም በእንዲህ ዓይነት እራት የተለመደ ነው።

«ሲበስል አልኮሉ ይተናል» የሚል ወንድም አለ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት አልኮል ገብቶበት ለ15 ደቂቃ የተንተከተከ ምግብ ከአልኮሉ 40 በመቶ ያህሉን ይዞ ይቀራል። ሁለት ሰዓት ተኩል ቢበስል እንኳ 5 በመቶ ያህል ይቀራል። ስለዚህ «ምግቡን ብቻ» የሚለው ሐሳብ ወደ ጠረጴዛው ሲቀርቡ ወደ «ሰላጣውን ብቻ» ይወርዳል። ሰላጣ ለመብላት ደግሞ ይህን ያህል መንገድ አያስኬድም።

▪ ዲናችን የሚለው

አላህ ሱብሓነሁ ወተዓላ በሱረቱል ማኢዳህ 90ኛው አንቀጽ ስለ ኸምር ሲናገር የተጠቀመው ቃል «አትጠጡ» ከሚለው ይሰፋል። ራቁት ነው ያለን። ዑለማዎች ይህን ልዩነት ደጋግመው ያስተምራሉ። ከአንድ ነገር መራቅ ማለት ወደ አፍ አለማስገባት ብቻ ሳይሆን ወደሚገኝበት ስብሰባ አለመጠጋትም ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአላህና በመጨረሻው ቀን ያመነ ሰው ኸምር በሚዞርበት ማዕድ ላይ እንዳይቀመጥ ማስጠንቀቃቸው በቲርሚዚና በሌሎችም ተዘግቧል። ከኸምር ጋር በተያያዘ አሥር ሰዎች መረገማቸውን የሚናገረው ሐዲሥም የታወቀ ነው። ከአሥሩ ውስጥ ጠጪው አንዱ ብቻ ነው። ጠማቂው፣ ተሸካሚው፣ ቀጂው፣ ሻጩ፣ ገዢውም አብረው ተቆጥረዋል።

የዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝን ታሪክም እናስታውስ። ኸምር ሲጠጡ የተያዙ ሰዎች ወደ እሳቸው ቀረቡ። ከመካከላቸው ስላለ አንድ ሰው «እሱ እኮ ፆመኛ ነው» ተባለላቸው። እሳቸው ግን ያን ሰው ከቅጣት ነፃ አላወጡትም። ማስረጃቸውም በሱረቱ ኒሳእ 140ኛ አንቀጽ ላይ ያለው፣ ከአጥፊዎች ጋር የተቀመጠ እንደነሱ ይሆናል የሚለው መልእክት ነበር። ልብ እንበል! ሰውየው ያልጠጣ ብቻ አልነበረም፤ ፆመኛ ነበር። የዛሬው «እኔ እኮ አልጠጣም» የሚለው ምክንያታችን ከዚያ ሰው ምክንያት አይበልጥም።

▪ የክብር ልብስ የለበሰ ኸምር

ሰካራም በመንገድ ዳር ተጋድሞ ስናይ ማናችንም አንታለልም። የሚያታልለን በዕውቀትና በታሪክ ተሸፍኖ የሚመጣው ነው። የእነዚህ እራቶች ጉልበትም እዚህ ላይ ነው፤ «ይህ ስካር ሳይሆን ባህል ነው፣ ትምህርት ነው» ይሉናል።

እንግዲያው ታሪኩን እኛም እንንገር። «ሼሪ» የሚለው ስም የመጣው ሙስሊሞች ሄሬዝን «ሸሪሽ» ብለው ይጠሩበት ከነበረው ስም ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ ከ711 ጀምሮ በ1264 በንጉሥ አልፎንሶ አሥረኛው እጅ እስከወደቀችበት ጊዜ ድረስ ከ500 ዓመት በላይ በሙስሊሞች ሥር ነበረች። በአሮጌው ግንቧ ውስጥ ዛሬም ከዚያ ዘመን የቀረ መስጊድ ይታያል። ከዚያች ከተማ የወጡት አቡል ዐባስ አሽ-ሸሪሺ የሚባሉት ዓሊም እ.ኤ.አ በ1222 ያረፉ ሲሆን፣ በሐሪሪ መቃማት ላይ በጻፉት ማብራሪያ በዐረብኛ ሥነ ጽሑፍ ዘንድ ይታወቃሉ። የከተማዋ ስም በአንድ ወቅት በዓሊም ስም ላይ ይቀጸል ነበር። ዛሬ በጠርሙስ ላይ ነው የሚነበበው።

«አልኮል» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። ሥሩ ዐረብኛው «አል-ኩሕል» ነው፤ እናቶቻችን ዓይናቸውን የሚኳሉት ኩል! ጥሩ ተደርጎ የደቀቀ ዱቄት ማለት ነበር፤ በአውሮፓ ቋንቋዎች ውስጥ ቀስ በቀስ ትርጉሙ ተቀይሮ የመጠጡ ስም ሆነ። የማንጠሪያ ዕቃው በአውሮፓ ቋንቋዎች የሚጠራበት ስምም «አል-አንቢቅ» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው። የሙስሊም ሊቃውንት በዚህ ዕቃ የጽጌረዳ ውሃና መድኃኒት ያነጥሩበት ነበር። ይህን የምንናገረው ለመኩራራት አይደለም። ተናጋሪው መድረክ ላይ ቆሞ ታሪክ ሲተርክልን እኛም የራሳችን ታሪክ እንዳለን አውቀን እንዳንሸማቀቅ ነው።

ቁርኣን በኸምር ውስጥ ለሰዎች ጥቅም እንዳለ አልካደም። በሱረቱል በቀራህ 219ኛ አንቀጽ ጥቅም መኖሩን ጠቅሶ ጉዳቱ እንደሚያመዝን ነገረን። እኛም ውስኪ ጠማቂው ሙያ የለውም አንልም። ሚዛኑን ነው የምናየው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ በ2019 ብቻ 2.6 ሚሊዮን ሰዎች ከአልኮል ጋር በተያያዘ ምክንያት ሞተዋል። በድርጅቱ ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም የአልኮል መጠጥን ካንሰር አምጪ ብሎ ከመደበው ከ1988 ጀምሮ ከ30 ዓመት በላይ አልፏል። በእራቱ ላይ ስለ ዘቢብ ሽታ ሲወራ ይህ አይወራም።

አንድ ነገር እንጨምር። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ከልክሏል። እንዲህ ዓይነቱ እራት ግን ራሱ ማስታወቂያ ነው። ፎቶ ይነሳል፤ ፎቶው ይለጠፋል። በፎቶው ላይ ሒጃብ የለበሰች እህት ወይም ሁላችንም የምናውቀው ወንድም ከታየ «እነሱም ይመጣሉ» የሚል መልእክት ይተላለፋል። አንተ የያዝከው የብርቱካን ጭማቂ መሆኑን ፎቶው አይናገርም። የሰፈርህ ታዳጊ ግን ፎቶውን ያያል።

▪ «ታዲያ ሥራዬስ?»

ወደ ከባዱ ጥያቄ መጣን። ዋጋ የለውም ብለን አንዋሽም። በእነዚህ ጠረጴዛዎች ላይ ሰው ይተዋወቃል፤ አለቃ ከሠራተኛው ጋር ይቀራረባል፤ ያልተገኘ ሰው ሊረሳ ይችላል። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው ስንል ይህን ፈተና አቅልለን አይደለም። ለአላህ ብሎ አንድን ነገር የተወ ሰው ምንም እንደማይጎድልበት ስለምናምን ነው።

በዓለም አደባባይ የታዩ ምሳሌዎችም አሉ። እ.ኤ.አ በ2012 የማንቸስተር ሲቲው ያያ ቱሬ የጨዋታው ኮከብ ተብሎ ሻምፓኝ ሲሰጠው ሙስሊም ስለሆነ እንደማይጠጣ በፈገግታ ተናግሮ ጠርሙሱን ለቡድን ጓደኛው ተወለት። ማንም አልተቀየመውም። በጥር 2022 ደግሞ የአውስትራሊያ የክሪኬት ቡድን እንግሊዝን አሸንፎ ዋንጫ ሲቀበል ተጫዋቾቹ ሻምፓኝ መርጨት ጀመሩ። ሙስሊሙ ኡስማን ኸዋጃ ዝም ብሎ ከመድረኩ ወደ ጎን ወረደ። አምበሉ ፓት ከሚንስ ይህን አይቶ ጓደኞቹ ጠርሙሱን እንዲያስቀምጡ አደረገና ኸዋጃን ወደ መሐል ጠራው። ፎቶው የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው ለእኛ ነው፦ ኸዋጃ አልተቆጣም፣ አልሰበከም፣ ግን ቦታውን ለቀቀ። ባይለቅ ኖሮ አምበሉ የሚያየው ነገር አይኖርም ነበር። እኛ «ችግር የለም» እያልን በተቀመጥን ቁጥር ጋባዦቻችን ችግር መኖሩን የሚያውቁበት መንገድ የለም። ሁለተኛው ትምህርት ለአለቆችና ለጋባዦች ነው፦ አንድ ሰው ወደ ጎን ሲወርድ ያየ መሪ ጠርሙሱን ማስቀመጥ ይችላል። ድሉ በዚህ አልቀነሰም።

▪ እናቶቻችን ያውቁት የነበረ ጥበብ

ይህ ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር ነው እንዴ? በወሎም፣ በአዲስ አበባም፣ በሌላውም አካባቢ ክርስቲያን ጎረቤት ልጁን ሲድር ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም አራጅ ይጠራል፤ ሙስሊም ሴቶች በሌላ ድስት ያበስላሉ፤ ለብቻ ዳስ ይጣላል፤ ጠላና ጠጅ ወደዚያ ዳስ አይገባም፤ በምትኩ ብርዝ ይቀርባል። ማንም «አክራሪ» አይባልም። ማንም አይቀየምም። የእንግዳው ዲን መከበሩ የጋባዡ ክብር ነው።

ጭቃ ቤት ያላት እናት ይህን ካሰበችበት፣ ትልልቅ ኩሽናዎች ያሉት ሆቴልና ብዙ ሠራተኛ ያለው ድርጅት እንዴት ያቅተዋል? ክርስቲያን ወገኖቻችን ምን እንደሚጠጡ የመወሰን መብት የእነሱ ነው፤ በእነሱ ላይ የምንፈርደው ነገር የለም። የምንጠይቀው የሥራ ጉዳይ በውስኪ ጠረጴዛ ላይ ብቻ እንዳይታሰር ነው። ውል የሚነጋገሩበት ምሳ፣ ሠራተኛ የሚሸለምበት ከሰዓት፣ ደንበኛ የሚስተናገድበት የቡና ሰዓት ይኑር። ይህን ብንጠይቅ ልዩ ጥቅም መጠየቅ አይደለም። ሐኪም የከለከላቸው፣ ከሱስ ለመላቀቅ የሚታገሉ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ በራሳቸው ምርጫ የማይጠጡ ክርስቲያኖችም ይጠቀሙበታል።

▪ ለእኛዎቹ ባለሀብቶች

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነን ግን የሌላው ግብዣ አይደለም። የራሳችን ነው። «የውጭ እንግዶች ስላሉ» እያለ በራሱ ገንዘብ ውስኪ ገዝቶ የሚያቀርብ ሙስሊም ነጋዴ አለ። ወንድማችን ሆይ፣ ከአሥሩ ውስጥ ገዢው እንዳለበት አትርሳ። በገንዘብህ የምትጋብዝበት ቦታ አንተ ጋባዥ ነህ፤ ሕጉን የምታወጣው አንተ ነህ። ኳታር እ.ኤ.አ በ2022 የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው በስታዲየሞቹ ዙሪያ ቢራ እንዳይሸጥ ወሰነች። ጫጫታ ተነሳ፤ ውድድሩ ግን ተካሄደ፤ ስታዲየሞቹም ሞሉ።

ደግሞስ ምን ጎደለን? ጣዕም የሚያሰኝ ነገር ፍለጋ ስኮትላንድ መሄድ አለብን? «ቀህዋ» የሚለው ቃል በጥንት ዐረብኛ ከወይን ጠጅ ስሞች አንዱ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ዚክር ነቅተው ለማደር ቡና መጠጣት ሲጀምሩ ስሙ ወደ ቡና ዞረ። ቡና የወይን ጠጅን ስም ወሰደበት ማለት ነው። የዚያ ቡና አገር ደግሞ የእኛ አገር ናት። የሐረር ቡና የፍራፍሬ ሽታ፣ የይርጋጨፌ አበባማ መዓዛ፣ የሲዳማ፣ የጅማ፤ ቀማሾች በየዙሩ እያሸተቱ፣ እየቀመሱ፣ እያነጻጸሩ ነው ዋጋ የሚተምኑለት። አንድ ሙስሊም ባለሀብት የውጭ ደንበኞቹን ጠርቶ ሐላል እራት ከአራት ዓይነት ቡና፣ ከማርና ከብርዝ ጋር ቢያቀርብ፣ ባለሙያ ቆሞ ስለ እያንዳንዱ ቢያስረዳ፣ እንግዳው በአገሩ የማያገኘውን ነገር አገኘ ማለት ነው። ውስኪውንማ በአውሮፕላን ማረፊያም ያገኘዋል።

▪ ጥሪው ሲደርሰን ምን እናድርግ?

1. ቀድመን እንጠይቅ። ግብዣው የሥራ እራት ነው ወይስ መጠጥ የሚቀመስበት? ርዕሱ ራሱ ውስኪ ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው።

2. በአደብ እንመልስ፤ ሰበብ አንፍጠር። «አሞኛል» ማለት ውሸት ነው፤ በሚቀጥለውም ወር ሌላ ውሸት ያስፈልገዋል። «ስላሰቡኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በእምነቴ ምክንያት መጠጥ በሚቀርብበት ማዕድ ላይ አልቀመጥም። እንግዶቹን ግን ማግኘት እፈልጋለሁ፤ በማግስቱ ቁርስ ብጋብዛቸውስ?» ማለት ይቻላል። እውነት አንዴ ከተነገረ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

3. አማራጩን ራሳችን እናዘጋጅ። እምቢ ብሎ የሚጠፋ ሰው ይረሳል፤ እምቢ ብሎ የሚጋብዝ ሰው ግን ይከበራል።

4. ለብቻ አንታገል። በአንድ መሥሪያ ቤት ያሉ ሙስሊሞች ተነጋግረው ለሰው ኃይል ክፍሉ በጽሑፍ ቢያቀርቡ፣ አዲስ የተቀጠረችው ልጅ ለብቻዋ አትፈተንም።

5. አስገዳጅ ሁኔታ ያጋጠመው ወንድም ወይም እህት ለራሱ ፈትዋ ከመስጠት ይልቅ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። በሆቴል መስተንግዶ ተቀጥረው መጠጥ እንዲያቀርቡ የሚታዘዙ ወገኖቻችን ጉዳይም ቀላል አይደለም፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

6. የሄደን ሰው አናዋርድ። በአደባባይ ስም አንጥራ፤ ለብቻ እንምከር። ዓላማችን ወንድማችንን ከዚያ ማዕድ ማስነሳት ነው። ካስነሳነው በኋላ ደግሞ የሚቀመጥበት የእኛ ማዕድ ዝግጁ ይሁን።

አላህ ሐላሉን የሚያብቃቃን፣ ከሐራሙም የሚያርቀን ያድርገን። በሥራቸው ቦታ ስለ ዲናቸው ለሚፈተኑ ወንድሞችና እህቶች ጽናትን ይስጣቸው፤ ከማያስቡት በኩልም ሪዝቃቸውን ይክፈትላቸው። አሚን!

ወሏሁ አዕለም።